ፕሬስተን ስተርጀስ

ፕሬስተን ስተርጀስ (ኦገስት 29 ቀን 1898 – ኦገስት 6 ቀን 1959 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት፣ የፊልም ደራሲና ዳይሬክተር ነበር። በኒው ዮርክ ብሮድዌይ በታየ አንድ አስቂኝ ተውኔት ስሙ ከታወቀ በኋላ ወደ ሆሊዉድ ሄዶ ለተለያዩ ስቱዲዮዎች ፊልም ይጽፍ ነበር። በ1939 «ዘ ግሬት መጊንቲ» የተባለውን ጽሑፉን ራሱ ዳይሬክት እንዲያደርገው በሚል ስምምነት ለፓራማውንት ስቱዲዮ በ10 ዶላር ሸጠ። ፊልሙ በ1940 ወጣ፤ ለስተርጀስም የኦስካር ሽልማት አስገኘለት። ከ1940 እስከ 1944 የወጡት ኮሜዲ ፊልሞቹ ከአሜሪካ ፊልም ምርጥ ሥራዎች መካከል ይቆጠራሉ።

ስተርጀስ የሚታወሰው በቀልደኛነቱ ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን በሆሊዉድ የደራሲ ሥራ ጽሑፉን አስረክቦ መሄድ ነበር። ስተርጀስ ግን የጻፈውን ነገር እስከ መጨረሻው ራሱ የመምራት መብት እንዲኖረው ታግሏል። ይህን መብት ባገኘባቸው ዓመታት ምርጥ ሥራዎቹን ሠራ፤ መብቱን ካጣ በኋላ ደግሞ የሥራ ሕይወቱ በፍጥነት አሽቆለቆለ።

በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ቤተሰብ

ስተርጀስ በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ ተወለደ። ሲወለድ የተሰጠው ስም ኤድመንድ ፕሬስተን ባይደን ነበር። ወላጆቹ ገና ሕፃን ሳለ ተለያዩ። እናቱ ሜሪ ዴምፕሲ በ1901 ልጇን ይዛ ወደ ፓሪስ ተጓዘች። እዚያም ከታዋቂዋ ዳንሰኛ ኢሳዶራ ደንከን ጋር ተዋወቀች፤ ወዳጅነታቸውም እስከ ሞት ዘለቀ። በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ ተመልሳ ሰለሞን ስተርጀስ የተባለ የቺካጎ የአክሲዮን ነጋዴ አገባች። ሰለሞን ልጁን በሕግ ልጁ አድርጎ ተቀበለው፤ ፕሬስተን የሚታወቅበትን የቤተሰብ ስምም ያገኘው ከእርሱ ነው።

ልጁ ያደገው በሁለት በጣም በተራራቁ ዓለማት መካከል ነው። እናቱ በአውሮፓ የሙዚቀኞች፣ የሠዓሊዎችና የዳንሰኞች ወዳጅ ነበረች፤ ልጇንም ገና በሕፃንነቱ ወደ ቲያትር፣ ወደ ኦፔራና ወደ ሙዚየም ትወስደው ነበር። የእንጀራ አባቱ ግን ቁም ነገረኛ የንግድ ሰው ሲሆን ስፖርት ይወድ ነበር። ፕሬስተን የእንጀራ አባቱን ከልብ ይወድ ነበር፤ እናቱ ከሰለሞን ከተፋታች በኋላም በሁለቱ መካከል የነበረው ፍቅር አልተቋረጠም። ቆይቶ የመጀመሪያ ልጁን ሰለሞን ብሎ ሰይሞታል።

ፕሬስተን ትምህርቱን በፈረንሳይና በስዊዘርላንድ የተከታተለ ሲሆን ፈረንሳይኛን እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋው ይናገር ነበር። የኪነ ጥበብ ሰዎች በብዛት በሚመላለሱበት ቤት ማደጉ ግን ኪነ ጥበብን እንዲወድ አላደረገውም። በወጣትነቱ ይመኝ የነበረው እንደ እንጀራ አባቱ ነጋዴ መሆን ነበር።

ከንግድ ወደ ተውኔት

እናቱ በፓሪስ ሽቶና መዋቢያ የሚሸጥ ሱቅ ከፍታ ነበር። የሱቁን ስም ከታወቀው የጣሊያን መሳፍንት ቤተሰብ ስም ወስዳ «ዴስቴ» ብላው ነበር፤ ቤተሰቡ በፍርድ ቤት እንደሚከሳት ሲያስጠነቅቃት ግን አጻጻፉን «ዴስቲ» ወደሚል ቀየረችው። ከዚያ ወዲህ ራሷም ሜሪ ዴስቲ ተብላ ትታወቅ ጀመር። ፕሬስተን በ1914 በጋ በዶቪል ከተማ የነበረውን የሱቁን ቅርንጫፍ ይመራ ነበር። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ እናቱ ወደ አሜሪካ ላከችው።

በ1918 በአሜሪካ ጦር የአየር ክፍል ተመልምሎ አብራሪነት ሠለጠነ። ጦርነቱ ግን ወደ ግንባር ሳይሄድ አበቃ። ከዚያ በኋላ በኒው ዮርክ ወደ ነበረው የእናቱ መዋቢያ ንግድ ተመለሰ። በዚህ ወቅት ሲሳሳሙ የማይለቅ የከንፈር ቀለም ፈጠረ። የፈጠራ ፍላጎቱ እስከ ዕድሜው መጨረሻ አልተወውም፤ በኋላ በፊልም ሀብት ባፈራበት ጊዜም የሞተር ማምረቻ ድርጅት አቋቁሞ ነበር።

በ1923 የመጀመሪያ ሚስቱን አገባ፤ ትዳሩ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈረሰ። በ1927 ኢሳዶራ ደንከን በፈረንሳይ ኒስ ከተማ በመኪና ስትሄድ የአንገት ልብሷ በጎማው ተጠምጥሞ ሞተች። የአንገት ልብሱን የሰጠቻት ሜሪ ዴስቲ ነበረች፤ አደጋው ሲደርስም በቦታው ነበረች።

ስተርጀስ በዚህ ወቅት 30 ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ የነበረ ቢሆንም የረባ ሙያ አልነበረውም። በቺካጎ ሳለ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ያዘው። አልጋ ላይ ሆኖ በሚያገግምበት ጊዜ ተውኔት መጻፍ ጀመረ። ከዳነ በኋላ በኒው ዮርክ ብሮክ ፔምበርተን በተባለ የቲያትር ፕሮዲዩሰር ዘንድ በረዳት መድረክ አስተባባሪነት ተቀጠረ። ተመልካች የት ቦታ እንደሚስቅና የት ቦታ ዝም እንደሚል በየምሽቱ ከመጋረጃ ጀርባ ቆሞ የተማረው እዚህ ነው።

በብሮድዌይ

የመጀመሪያ ተውኔቱ «ዘ ጊኒ ፒግ» በ1929 መጀመሪያ ብሮድዌይ ላይ ታየ። ስሙን ያስጠራው ግን በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር 18 ቀን የተከፈተው «ስትሪክትሊ ዲስኦነረብል» ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በአሜሪካ የአልኮል መጠጥ በሕግ በተከለከለበት ዘመን፣ በኒው ዮርክ በሚገኝ ስውር መጠጥ ቤት ውስጥ ነው። ከደቡብ የመጣች አንዲት ወጣት ከግትር እጮኛዋ ተጣልታ ከአንድ ጣሊያናዊ የኦፔራ ዘፋኝ ጋር ትገናኛለች። ዘፋኙ ለክፉ ቢያስባትም የልጅቱ የዋህነት ሐሳቡን ያስለውጠዋል።

ተውኔቱን ፔምበርተን ከአንቶኔት ፔሪ ጋር ሆኖ አዘጋጀው። በዛሬው ጊዜ ለብሮድዌይ ቲያትር የሚሰጠው «ቶኒ» የተባለው ሽልማት የተሰየመው በዚህች ሴት ስም ነው። ተውኔቱ ከተከፈተ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወድቆ ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ቢጀምርም 557 ጊዜ ታየ። ለፊልም የሚሆን መብቱም ተሸጠ። ስተርጀስ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሥራ አጥነት ወጥቶ ሀብታም ደራሲ ሆነ።

ይህ ስኬት ግን አልቀጠለም። በ1930 የቀረቡት «ሪካፕቸር» እና «ዘ ዌል ኦፍ ሮማንስ» የተባለው ሙዚቃዊ ተውኔት በአጭር ጊዜ ተዘጉ፤ ሁለተኛው የታየው 8 ጊዜ ብቻ ነበር። በ1932 የታየው «ቻይልድ ኦፍ ማንሃተን»ም ብዙ አልቆየም። ኤሊኖር ሃተን ከተባለች የባለጸጋ ልጅ ጋር በ1930 የፈጸመው ጋብቻም በ1932 ፈረሰ። እናቱ በ1931 ሞተች። ስተርጀስ ያገኘውን ገንዘብ ጨርሶ በ1932 ወደ ሆሊዉድ ሄደ።

የሆሊዉድ የአሠራር ሥርዓት

ስተርጀስ ሆሊዉድ ሲደርስ ድምፅ ያለው ፊልም ከተጀመረ ጥቂት ዓመታት ብቻ አልፈው ነበር። ስቱዲዮዎች ተዋናዮች የሚናገሩትን የሚጽፍላቸው ሰው ስላስፈለጋቸው ብዙ ጸሐፌ ተውኔቶችን ከኒው ዮርክ አስመጥተው ነበር። ክፍያው ከቲያትር የተሻለ ነበር፤ የደራሲው ሥልጣን ግን በጣም ያነሰ ነበር።

በብሮድዌይ ያለ ደራሲው ፈቃድ አንድ ቃል መቀየር አይቻልም፤ ተውኔቱም የደራሲው ንብረት ሆኖ ይቀራል። በሆሊዉድ ግን የጽሑፉ ባለቤት ስቱዲዮው ነው። አንድ ጽሑፍ ከአንዱ ደራሲ ወደ ሌላው እየተላለፈ ይሠራ ነበር፦ አንዱ ታሪኩን ያወጣል፣ ሁለተኛው ምልልሱን ይጽፋል፣ ሦስተኛው ቀልድ ይጨምራል፣ ፕሮዲዩሰሩ ደግሞ የፈለገውን ይቆርጣል። ፊልሙ ሲጠናቀቅ ደራሲዎቹ ከሥራቸው የትኛው እንደቀረና የትኛው እንደጠፋ ላያውቁት ይችላሉ። ስተርጀስም በዩኒቨርሳል ስቱዲዮ የመጀመሪያ ቅጥር ሥራው «ዘ ኢንቪዚብል ማን» ለተባለው ፊልም አንድ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ነበር፤ ስቱዲዮው ግን ሳይጠቀምበት ቀረ።

«ዘ ፓወር ኤንድ ዘ ግሎሪ»

ከዚህ በኋላ ስተርጀስ ያልተለመደ መንገድ መረጠ። ማንም ሳያዘው፣ ብቻውን፣ የተሟላ የፊልም ጽሑፍ ጽፎ ለገበያ አቀረበ። ይህ «ዘ ፓወር ኤንድ ዘ ግሎሪ» (ኃይልና ክብር) የተባለው ሥራ ነው። ታሪኩ ከተራ የባቡር ሐዲድ ሠራተኝነት ተነሥቶ የባቡር ኩባንያ አለቃ የሆነና በመጨረሻ ራሱን ያጠፋ ሰው ሕይወት ነው። መነሻ ሐሳቡን ያገኘው ሁለተኛ ሚስቱ ስለ እናቷ አባት፣ ስለ ምግብ አምራቹ ባለጸጋ ሲ. ደብልዩ. ፖስት ከነገረችው ታሪክ ነው።

ፊልሙ የሚጀምረው ከሰውየው የቀብር ሥነ ሥርዓት ነው። ከዚያ አንድ የቆየ ወዳጁ ሕይወቱን ይተርካል፤ ትረካውም የዘመን ቅደም ተከተል ሳይጠብቅ በምልሰት ወደ ልጅነቱና ወደ እርጅናው ይመላለሳል። ከስምንት ዓመት በኋላ ኦርሰን ዌልስ የሠራው «ሲቲዝን ኬን» ተመሳሳይ አወቃቀር ስላለው የፊልም ታሪክ ጸሐፊዎች ሁለቱን ሥራዎች ያነጻጽራሉ።

የፎክስ ስቱዲዮ ፕሮዲዩሰር ጄሲ ላስኪ ጽሑፉን ሳያስቀይር ገዛው። ስተርጀስ 17,500 ዶላር ቅድሚያ ክፍያና ከፊልሙ ገቢ በመቶኛ የሚታሰብ ድርሻ እንዲያገኝ ተስማሙ። ለአንድ የፊልም ደራሲ ከገቢው ድርሻ መስጠት በዚያ ጊዜ እንግዳ ነገር ነበር። ፊልሙ በ1933 ስፔንሰር ትሬሲ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ሆኖ በተወነበት ወጣ፤ ዳይሬክተሩ ዊልያም ኬ. ሃዋርድ ነበር። ሃያስያን ቢያደንቁትም ብዙ ገንዘብ አላስገኘም።

ስተርጀስ በቀረጻው ወቅት ተዋናዮችን በምልልስ እየረዳ ቆይቷል። በዚህ ጊዜ ሁሉም ሰው ትእዛዝ የሚጠብቀው ከዳይሬክተሩ እንጂ ከደራሲው እንዳልሆነ በቅርብ ተመለከተ። ጽሑፉን ማስከበር የሚፈልግ ደራሲ የዳይሬክተሩን ወንበር መያዝ እንዳለበትም ተረዳ።

የአሥር ዶላሩ ውል

ስተርጀስ በቀጣዮቹ ዓመታት በሆሊዉድ ከፍተኛ ደመወዝ ከሚከፈላቸው ደራሲዎች አንዱ ሆነ። በሳምንት 2,500 ዶላር ያገኝ ነበር። «ዘ ጉድ ፌሪ» (1935)፣ «ኢዚ ሊቪንግ» (1937) እና «ሪሜምበር ዘ ናይት» (1940) ከዚህ ዘመን ሥራዎቹ መካከል ናቸው። ሁሉንም ዳይሬክት ያደረጓቸው ሌሎች ሰዎች ነበሩ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን የሠራው ሚቸል ሌይሰን በተለይ የ«ሪሜምበር ዘ ናይት»ን ጽሑፍ ብዙ ቦታ አሳጥሮታል።

ስተርጀስ ከ1933 ጀምሮ ያስቀመጠው አንድ ጽሑፍ ነበረው። ጽሑፉን ለተለያዩ ስቱዲዮዎች ቢያቀርብም ዳይሬክተሩ እኔ ልሁን እያለ ስለሚጠይቅ አልተቀበሉትም። በ1939 የፓራማውንት ኃላፊ ለነበረው ለዊልያም ለባሮን አዲስ ሐሳብ አቀረበ፦ ዳይሬክተር እስካደረጋችሁኝ ድረስ ጽሑፉን በነጻ በሚቆጠር ዋጋ ውሰዱት አለ። በውሉ ላይ የሰፈረው ዋጋ 10 ዶላር ነበር። ይህም ሽያጩ በሕግ እንዲጸና ያህል ብቻ የተጻፈ ነው። ስተርጀስ በሳምንት ከሚያገኘው ጋር ሲነጻጸር ገንዘቡ ከምንም አይቆጠርም። ስቱዲዮው በበኩሉ ፊልሙ በአነስተኛ ወጪና በአጭር ጊዜ፣ ታላላቅ ኮከቦች ሳይካተቱበት እንዲሠራ ወሰነ።

«ዘ ግሬት መጊንቲ» (ታላቁ መጊንቲ) በዚህ መንገድ በ1940 ወጣ። ዋናው ገጸ ባሕርይ መጊንቲ ቤት አልባ ቦዘኔ ነው። በምርጫ ቀን በሌሎች ሰዎች ስም ለሰጠው ለእያንዳንዱ ድምፅ 2 ዶላር እንደሚከፈለው ሲነገረው በአንድ ቀን 37 ጊዜ ይመርጣል። በዚህ የተደነቀው የከተማዋ የፖለቲካ አለቃ እያሳደገ ከንቲባ፣ ቀጥሎም የክፍለ ግዛት ገዥ ያደርገዋል። መጊንቲ በሌብነት ሲኖር ምንም አይነካውም፤ የሚወድቀው ሚስቱን ሰምቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐቀኛ ለመሆን የሞከረ ቀን ነው።

ፊልሙ በተመልካችም በሃያስያንም ዘንድ ተወደደ። በፌብሩዋሪ 1941 በተካሄደው የኦስካር ሥነ ሥርዓት ስተርጀስ ለምርጥ ኦሪጅናል የፊልም ጽሑፍ የተሰጠውን ሽልማት ተቀበለ። ይህ የሽልማት ዘርፍ በዚያ ዓመት የተጀመረ በመሆኑ የመጀመሪያው ተሸላሚ እርሱ ነው።

የፓራማውንት ዓመታት

ከዚህ በኋላ ስተርጀስ ራሱ የጻፋቸውን ፊልሞች በተከታታይ ሠራ። «ክሪስማስ ኢን ጁላይ» (1940) ቀደም ሲል ጽፎት መድረክ ሳይታይ ከቀረው ተውኔቱ የተወሰደ ነው። አንድ ወጣት ሠራተኛ በቡና ማስታወቂያ ውድድር 25,000 ዶላር እንዳሸነፈ የሥራ ባልደረቦቹ በሐሰት መልእክት ያሞኙታል። ወሬው እውነት መስሎ ሲሰማ አለቆቹ በአንድ ጊዜ አዋቂ ነው ብለው ያሳድጉታል። የስተርጀስ ጥያቄ እዚህ ላይ ግልጽ ነው፦ ልጁ ከትናንት ወዲህ ምን ተለወጠ?

«ዘ ሌዲ ኢቭ» (1941) በመርከብ ላይ ካርታ እየተጫወተች ሀብታሞችን የምታታልል ሴት ታሪክ ነው። ባርባራ ስታንዊክ እና ሄንሪ ፎንዳ ተውነውበታል። ሴቲቱ ልታታልለው ባሰበችው የዋህ ወራሽ ፍቅር ትወድቃለች፤ ማንነቷን ሲያውቅ ይተዋታል፤ እርሷም እንግሊዛዊት ወይዘሮ መስላ ተመልሳ ትመጣበታለች። «ዘ ፓልም ቢች ስቶሪ» (1942) ደግሞ ባሏን እየወደደች ለሥራው የሚሆን ገንዘብ የሚሰጥ ሀብታም ለመፈለግ የምትሄድ ሚስት ታሪክ ነው።

ከሥራዎቹ ሁሉ ብዙ የተጻፈበት «ሰሊቫንስ ትራቭልስ» (የሰሊቫን ጉዞዎች) ሲሆን በ1941 መጨረሻ ተጠናቀቀ። ሰሊቫን በኮሜዲ የታወቀ የሆሊዉድ ዳይሬክተር ነው። ቀልድ መሥራት ስለሰለቸው ስለ ድሆች መከራ ቁም ነገር ያለው ፊልም ለመሥራት ያስባል። ድህነትን ስለማያውቀው የተቀዳደደ ልብስ ለብሶ ለማኝ መስሎ ይወጣል። መጀመሪያ ነገሩ ጨዋታ ይመስላል፤ በኋላ ግን በእውነት ተይዞ በከባድ የጉልበት ሥራ እንዲቀጣ ይፈረድበታል። እስረኞቹ አንድ ቀን ወደ ድሆች ጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ተወስደው የካርቱን ፊልም ይመለከታሉ። ሰሊቫን በሰንሰለት ታስሮ ከሌሎቹ ጋር ሲስቅ ሳቅ ለተጨነቀ ሰው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ይገባዋል። በዚያ ዘመን ፊልሞች ጥቁሮች በአብዛኛው ለመሳለቂያ ይቀርቡ ነበር። በዚህ ትዕይንት ግን ምእመናኑ ለእስረኞቹ ክብር የሚሰጡ ሰዎች ሆነው ቀርበዋል። የጥቁር አሜሪካውያን መብት ተከራካሪ ድርጅት ዋና ጸሐፊ ዋልተር ኋይት ለዚህ ስተርጀስን በደብዳቤ አመስግኖታል።

የአሠራር ዘዴው

ስተርጀስ ጽሑፉን በአብዛኛው በቃል ያስጽፍ ነበር። እየተንጎራደደ የሁሉንም ገጸ ባሕርያት ድምፅ እየቀያየረ ይተውናል፤ ጸሐፊው ደግሞ ይጽፋል። የፊልሞቹ ምልልስ ፈጣን ሆኖ አንዱ የሌላውን አፍ የሚነጥቅበት የመሆኑ ምስጢር ይህ ነው። ከተራቀቀ ንግግር ቀጥሎ ሰው ተደናቅፎ ሲወድቅ ማሳየትም ልማዱ ነበር።

ትናንሽ ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱ ቋሚ ተዋናዮች ነበሩት። ዊልያም ዴማረስት፣ ጂሚ ኮንሊን እና ፍራንክሊን ፓንግቦርን ከእነዚህ መካከል ናቸው። ስቱዲዮው ተመሳሳይ ፊቶችን መመልከት ያሰለቻል ብሎ ቢቃወምም ስተርጀስ የመጀመሪያዎቹን ፊልሞቹን ያቆሙለት እነርሱ እንደሆኑ በመግለጽ ሊተዋቸው አልፈቀደም። በሥራዎቹ ውስጥ የቤት አሽከር፣ ፖሊስ ወይም የባቡር አስተናጋጅ ሳይቀር የራሱ ጠባይና የሚናገረው ቁም ነገር አለው።

ከሳንሱርና ከስቱዲዮው ጋር

«ዘ ሚራክል ኦፍ ሞርጋንስ ክሪክ» (1944) የተሠራው አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ሳለች ነው። አንዲት ወጣት ወደ ጦር ግንባር ለሚሄዱ ወታደሮች በተደረገ ግብዣ ላይ ታድራለች። በማግስቱ ከአንዱ ወታደር ጋር መጋባቷን ታስታውሳለች፤ ስሙንና መልኩን ግን አታስታውስም። ቆይቶ ማርገዟን ታውቃለች። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወዳት አንድ ምስኪን ወጣት ሊያድናት ሲሞክር ነገሩ ይብስ ይወሳሰባል፤ በመጨረሻ ስድስት መንትዮች ትወልዳለች።

በዚያ ጊዜ የአሜሪካ ፊልም አምራቾች ራሳቸው ያቋቋሙት፣ «የሄይስ ቢሮ» በመባል የሚታወቅ የሳንሱር መሥሪያ ቤት ነበር። እያንዳንዱ ጽሑፍ ከቀረጻ በፊት በዚህ ቢሮ ይመረመራል። የዚህ ፊልም ቀረጻ የተጀመረው ጥቂት ገጾች ብቻ ጸድቀው ሳለ ነው፤ ስተርጀስ ሌሎቹን እየጻፈ እየቀረጸ ቀጠለ። ፊልሙ ከተጠናቀቀ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ሲወጣ ከፍተኛ ገቢ አስገኘ።

በዚያው ዓመት የወጣው «ሄይል ዘ ኮንከሪንግ ሂሮ» በአለርጂ ምክንያት ከጦር ሠራዊት የተሰናበተ ወጣትን ይመለከታል። ስድስት ወታደሮች አዝነውለት እንደ ጀግና አድርገው ወደ እናቱ ይወስዱታል። የከተማው ሕዝብ በሙዚቃ ተቀብሎ ከንቲባ ሊያደርገው ሲነሣ ወጣቱ በውሸቱ ይጨነቃል። ጦርነት እየተካሄደ ባለበት ሰዓት በጀግና አምልኮ ላይ መሳለቅ ድፍረት የሚጠይቅ ነበር። ሁለቱም ፊልሞች በአንድ ዓመት ለኦስካር የጽሑፍ ሽልማት ታጭተዋል።

ሆኖም በስተርጀስና በፓራማውንት መካከል አለመግባባቱ ሰፍቶ ነበር። ለባሮን ከስቱዲዮው ከወጣ በኋላ የተተካው ኃላፊ በዲ ደሲልቫ በፊልሞቹ ጣልቃ ይገባ ጀመር። ሰመመን ሰጪውን ኤተር ለቀዶ ሕክምና ስለተጠቀመው የጥርስ ሐኪም ስለ ዊልያም ሞርተን የሚተርከው የስተርጀስ ፊልም በስቱዲዮው እንደገና ተቆርጦና ስሙ ተለውጦ «ዘ ግሬት ሞመንት» በሚል በ1944 ወጣ፤ ሳይሳካለትም ቀረ። ስተርጀስ በ1943 መጨረሻ ውሉ ሲያበቃ ስቱዲዮውን ለቀቀ። ስቱዲዮው «ሄይል ዘ ኮንከሪንግ ሂሮ»ን ደግሞ በራሱ መንገድ ቢቆርጠው የሙከራ ተመልካቾች አልወደዱትም። ስተርጀስ ያለ ክፍያ ተመልሶ አስተካከለው፤ ፊልሙም ተሳካለት።

ከሃዋርድ ሂዩዝ ጋር

በ1944 ስተርጀስ ከባለጸጋው ከሃዋርድ ሂዩዝ ጋር ተሻርኮ የፊልም ድርጅት አቋቋመ። ሙሉ ነጻነት አገኛለሁ ብሎ አስቦ ነበር። ሆኖም ገንዘቡ የሂዩዝ ስለነበረ የመጨረሻው ቃልም የእርሱ ሆነ። ስተርጀስ ከፊልም ርቆ የነበረውን የድምፅ አልባ ፊልሞች ኮከብ ሃሮልድ ሎይድን አግባብቶ «ዘ ሲን ኦፍ ሃሮልድ ዲድልቦክ»ን ሠራ። ፊልሙ በ1947 በጥቂት ከተሞች ከታየ በኋላ ሂዩዝ ከገበያ አነሣው፤ አሳጥሮም በ1950 «ማድ ዌንስደይ» በሚል ስም አወጣው። ሽርክናውም ከዚያ በፊት ፈርሶ ነበር።

ስተርጀስ በፎክስ ስቱዲዮ «አንፌይዝፉሊ ዩርስ» (1948) የተባለውን ፊልም ሠራ። ሚስቱ እንደከዳችው የሚጠረጥር የሙዚቃ ጓድ መሪ ሦስት የሙዚቃ ሥራዎችን እየመራ ሦስት ዓይነት በቀል በሐሳቡ ሲያቅድ ያሳያል። ዛሬ ከምርጥ ሥራዎቹ አንዱ ተደርጎ ቢታይም በጊዜው ተመልካች አላገኘም። ቀጣዩ «ዘ ቢዩቲፉል ብሎንድ ፍሮም ባሽፉል ቤንድ» (1949) ጭራሽ ወደቀ። ከዚህ በኋላ በአሜሪካ ፊልም ዳይሬክት አላደረገም።

የመጨረሻ ዓመታት

ስተርጀስ በ1940 በሎስ አንጀለስ ሰንሴት ጎዳና «ዘ ፕሌየርስ» የተባለ ባለ ሦስት ፎቅ ምግብ ቤት ከፍቶ ነበር። የፊልም ሰዎች የሚያዘወትሩት ቢሆንም ወጪው ከገቢው ይበልጥ ነበር። ከፊልም የሚያገኘው ገንዘብ ሲቋረጥ ዕዳውና ግብሩ ተከማቸ፤ ቤቱም በ1953 ተዘጋ።

በ1951 አራተኛ ሚስቱን ሳንዲን አገባ፤ ሁለት ወንዶች ልጆችም ወለዱ። ከዚያ ወደ ልጅነት አገሩ ወደ ፈረንሳይ ሄደ። በ1955 የወጣው የመጨረሻ ፊልሙ «ሌ ካርኔ ዱ ማዦር ቶምፕሰን» የተሠራው እዚያ ነው። ቀደም ሲል በሳምንት ሺህዎችን ይቆጥር የነበረው ደራሲ አሁን ሥራ ፈላጊ ሆነ። ያቀዳቸው ቲያትሮችና ፊልሞች አንድም ሳይፈጸሙ ቀሩ።

በ1959 በኒው ዮርክ አልጎንክዊን ሆቴል ሆኖ የሕይወት ታሪኩን ይጽፍ ነበር። ኦገስት 6 ቀን በዚያው ሆቴል በልብ ድካም ሞተ። ዕድሜው 60 ዓመት ነበር። የሕይወት ታሪኩን ባለቤቱ ሳንዲ ከተዋቸው ጽሑፎች አሰናድታ በ1990 አሳተመችው።

ተጽዕኖው

ስተርጀስ በ«ዘ ግሬት መጊንቲ» ከተሳካለት በኋላ ስቱዲዮዎች ለሌሎች ደራሲዎችም የዳይሬክተርነት ዕድል መስጠት ጀመሩ። ጆን ሂውስተን በ1941 «ዘ ማልቲዝ ፋልከን»ን፣ ቢሊ ዋይልደር ደግሞ በ1942 «ዘ ሜጀር ኤንድ ዘ ማይነር»ን ሠሩ። ሁለቱም ቀድሞ በደራሲነት የተቀጠሩ ነበሩ። ዛሬ አንድ ሰው ጽፎ ራሱ ዳይሬክት ማድረጉ የተለመደ ነገር ነው።

ወንድማማቾቹ ጆኤልና ኢታን ኮኤን በ2000 ላወጡት «ኦ ብራዘር፣ ዌር አርት ዛው?» ለተባለው ፊልም ስሙን የወሰዱት ከ«ሰሊቫንስ ትራቭልስ» ነው፤ ሰሊቫን ሊሠራው የሚመኘው ቁም ነገረኛ ፊልም ስም ይህ ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ «ሰሊቫንስ ትራቭልስ»ን በ1990፣ «ዘ ሌዲ ኢቭ»ን በ1994፣ «ዘ ሚራክል ኦፍ ሞርጋንስ ክሪክ»ን በ2001፣ «ዘ ፓወር ኤንድ ዘ ግሎሪ»ን ደግሞ በ2014 ሊጠበቁ የሚገባቸው ቅርሶች አድርጎ መዝግቧቸዋል።

ዋና ዋና ሥራዎች

ተውኔቶች
- «ዘ ጊኒ ፒግ» (1929)
- «ስትሪክትሊ ዲስኦነረብል» (1929)
- «ሪካፕቸር» (1930)
- «ቻይልድ ኦፍ ማንሃተን» (1932)

ጽፎ ሌሎች ዳይሬክት ያደረጓቸው ፊልሞች
- «ዘ ፓወር ኤንድ ዘ ግሎሪ» (1933)
- «ዘ ጉድ ፌሪ» (1935)
- «ኢዚ ሊቪንግ» (1937)
- «ሪሜምበር ዘ ናይት» (1940)

ጽፎ ራሱ ዳይሬክት ያደረጋቸው ፊልሞች
- «ዘ ግሬት መጊንቲ» (1940)
- «ክሪስማስ ኢን ጁላይ» (1940)
- «ዘ ሌዲ ኢቭ» (1941)
- «ሰሊቫንስ ትራቭልስ» (1941)
- «ዘ ፓልም ቢች ስቶሪ» (1942)
- «ዘ ሚራክል ኦፍ ሞርጋንስ ክሪክ» (1944)
- «ሄይል ዘ ኮንከሪንግ ሂሮ» (1944)
- «ዘ ግሬት ሞመንት» (1944)
- «ዘ ሲን ኦፍ ሃሮልድ ዲድልቦክ» (1947)
- «አንፌይዝፉሊ ዩርስ» (1948)
- «ዘ ቢዩቲፉል ብሎንድ ፍሮም ባሽፉል ቤንድ» (1949)
- «ሌ ካርኔ ዱ ማዦር ቶምፕሰን» (1955)